ዱዋል ቡት

ዱዋል ቡት ወይም ድርብ ማስነሻ ማለት በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሁለት ስርዓተ ክወናዎችን፣ ለምሳሌ ዊንዶውስንና ሊነክስን፣ ጭኖ ኮምፒዩተሩ በበራ ቁጥር አንዱን መርጦ የማስነሳት ዘዴ ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይሠሩም።

አጫጫን

ሃርድ ዲስኩ ተከፍሎ እያንዳንዱ ስርዓተ ክወና የራሱን ክፍል ይይዛል። ብዙውን ጊዜ ዊንዶውስ ቀድሞ ይጫናል። በባዮስ በሚነሱ የቆዩ ኮምፒዩተሮች ዊንዶውስ ኋላ ከተጫነ የራሱን ማስነሻ በዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ላይ ስለሚጽፍ ሊነክስን መምረጥ አይቻልም። ሊነክስ ኋላ ሲጫን ግን ግሩብ የተባለው ማስነሻ ፕሮግራም ሁለቱንም ለምርጫ ማቅረብ ይችላል።

መጠባበቂያ ቅጂ

ዲስክን መክፈል መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ አይደለም። ሁለቱም ክፍሎች የሚገኙት በአንድ ዲስክ ላይ ስለሆነ ዲስኩ ሲበላሽ አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ ዲስኩ ከመከፈሉ በፊት ፋይሎች ወደ ሌላ፣ ከኮምፒዩተሩ ውጭ ወደሚቀመጥ ዲስክ ይገለበጣሉ። ዊንዶውሱ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ባለ 48 አሃዙ የመክፈቻ ቁልፍም ተጽፎ ይቀመጣል፤ የአነሳሱ ሥርዓት ሲለወጥ ዊንዶውስ ቁልፉን ሊጠይቅ ይችላል፣ ያለ እሱም ፋይሎቹ አይከፈቱም። ከተጫኑ በኋላ ደግሞ ክሎንዚላን በመሰለ ነፃ ፕሮግራም የሁለቱንም ክፍሎች ሙሉ ቅጂ በአንድ ላይ መውሰድ ይቻላል።