የማዕድ አገልግሎት፦ ቤተ ክርስቲያን በረኀብና በስደት ዘመን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ድርቅ ማሳን ሲያጠፋ፣ ጦርነትም ሰውን ከቀዬው ሲያፈናቅል ቤተ ክርስቲያን ከጸሎት ጋር ምን ስትሠራ ኖራለች? ብዙዎቻችን ርዳታን የመንግሥትና የተራድኦ ድርጅቶች ሥራ፣ ለቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሲመች የሚደረግ ተጨማሪ በጎነት አድርገን እንቆጥረዋለን። ታሪኳ ሲመረመር ግን የተራበውን መመገብ ከሐዋርያት ዘመን ጀምሮ ሹመትና ሥርዓት የተሠራለት አገልግሎት ሆኖ እናገኘዋለን።

ዲቁና ከማዕድ ተጀመረ

በኢየሩሳሌም የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩ አይሁድ መበለቶቻቸው በዕለታዊው የምግብ እደላ ተዘነጉ ብለው አጉረመረሙ። ሐዋርያትም ነገሩን በምክር ብቻ አላለፉትም። መልካም ምስክርነት ያላቸው፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው 7 ሰዎች እንዲመረጡ አድርገው እጃቸውን ጫኑባቸው (ሐዋ. 6፥1-6)። ከእነርሱ ቀዳሚው ሊቀ ዲያቆናት ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። እንግዲህ በቤተ መቅደስ የምንፋጠን ዲያቆናት የመዐርጋችን መነሻ የእንጀራ እደላ መሆኑን ልንዘነጋው አይገባም። የመጀመሪያው የእደላ ቅሬታ የቋንቋና የወገን ቅሬታ እንደ ነበረም ልብ ይሏል። የተሰጠው መፍትሔ ታማኞችን መሾም ሆነ እንጂ ማዕዱን በወገን መክፈል አልሆነም።

ከዚያም በቀላውዴዎስ ቄሣር ዘመን ረኀብ እንደሚመጣ ነቢዩ አጋቦስ ተናገረ። የአንጾኪያ ምእመናን እያንዳንዳቸው እንደ ዐቅማቸው አዋጥተው በበርናባስና በሳውል እጅ ወደ ይሁዳ ላኩ (ሐዋ. 11፥27-30)። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ፍላቪየስ ዮሴፍም በዚያ ረኀብ የአድያቤን ንግሥት ሄሌና ከእስክንድርያ እህል፣ ከቆጵሮስ ደረቅ በለስ አስገዝታ ለኢየሩሳሌም ሰዎች ማከፋፈሏን ጽፏል።

ቅዱስ ጳውሎስ በኋላ ለኢየሩሳሌም ድኆች ባሰባሰበው መዋጮ ሁለት ነገሮችን አጽንቷል። አንደኛው፣ ምእመናን ከሳምንቱ በመጀመሪያው ቀን እንደ ገቢያቸው እያስቀመጡ እንዲቆዩ ማዘዙ ነው (1ቆሮ. 16፥1-4)። ሁለተኛው፣ ስለ ገንዘቡ ማንም ነቀፋ እንዳያገኝ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮ እንዲሄድ ማድረጉ ነው (2ቆሮ. 8፥18-21)። ታላቁ ሐዋርያ እንኳ የድኆችን ገንዘብ ያለ ምስክር ለብቻው አልያዘም።

ቅዱስ ባስልዮስ በቂሳርያ

ቅዳሴው ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ የሆነው ቅዱስ ባስልዮስ ገና ቄስ ሳለ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ368 እስከ 369 ዓ.ም. ገደማ፣ ቀጶዶቅያን ጽኑ ድርቅና ረኀብ መታት። ከተማይቱ ቂሳርያ ከባሕር የራቀች በመሆኗ እህል በመርከብ አይደርስላትም፤ ያከማቹ ባለጸጎችም ዋጋ እስኪወደድ ይጠብቁ ነበር። ባስልዮስ በስብከቱ ገሥጾ ጎተራቸውን አስከፈተ። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ እንደ መሰከረለት፣ የተራቡትን ሰብስቦ የጥራጥሬ ሾርባና በጨው የቆየ ሥጋ በጋን አስቀርቦ ከአገልጋዮቹ ጋር ያስተናግዳቸው ነበር። ወንድሙ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ደግሞ የአይሁድ ልጆችም ከዚሁ ቸርነት መካፈላቸውን ጽፏል።

ቅዱሱ ረኀቡ ሲያልፍ ሥራውን አላቆመም። በ370 ዓ.ም. ጵጵስና ከተሾመ በኋላ ከከተማው ውጭ ለድውያን፣ ለእንግዶችና ለድኆች መኖሪያ አሠራ፤ ሐኪሞችንና አስታማሚዎችን መደበ፣ ለኑሮ የሚያስፈልጉ የእጅ ሥራዎችም እንዲኖሩበት አደረገ። ለአንድ ክፉ ዘመን የተዘረጋው ማዕድ ጸንቶ የሚኖር ቤት ሆነ።

በሀገራችን

አባቶቻችን "ክፉ ቀን" ያሉት ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ረኀብ ነው። በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር የመጣው የከብት ደስታ በሽታ በሬውን ፈጀው። ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተጨመሩበት፤ የሚጠመድ በሬ ጠፍቶ ሞፈርና ቀንበር ተሰቀለ። ዐፄ ምኒልክ ጎተራቸውን ከማስከፈት አልፈው፣ መኳንንቱ እንዳያፍሩ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። የተራበውን ከመመገብ ጋር ራሱን የሚችልበትን መንገድ ማሳየትም እንደሚገባ ያን ጊዜ ታይቷል።

በ1964 ዓ.ም. ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንን አቋቋመች። ብዙም ሳይቆይ የወሎ ረኀብ፣ ቆይቶም ድርቅና ጦርነት የተደራረቡበት የ1977ቱ እልቂት መጣ። ኮሚሽኑ ከዚያ ወዲህም በድርቅ ለተጎዱና ለተፈናቀሉ ወገኖች፣ ከጎረቤት ሀገራት ለመጡ ስደተኞችም ሲያገለግል ቆይቷል።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ዛሬም ከቀያቸው የተፈናቀሉ ወገኖች በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ተጠልለው እናያለን። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንነሣው ወሬው ሲሰማ ነው፤ ወሬው ሲቀዘቅዝ እኛም እንቀዘቅዛለን። አንዳንዴም ከመስጠታችን በፊት "ከወዴት የመጡ ናቸው?" እንላለን፤ ስንሰጥም የተቀባዩን ፊት ፎቶግራፍ አንሥተን እናሳያለን። ጌታችን ግን ምጽዋት በስውር እንዲሆን አዝዟል (ማቴ. 6፥1-4)።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሰንበት ትምህርት ቤት በየሳምንቱ ጥቂት ቢያስቀምጥ፣ ገቢና ወጪውን በታመኑ ሰዎች አስመዝግቦ ለምእመናን ቢያሳውቅ፣ የተቸገረውንም ወገኑንና ሃይማኖቱን ሳይጠይቅ ቢረዳ፣ አዲስ ነገር አልጀመረም፤ የአባቶቹን ሥርዓት ፈጸመ እንጂ። ያለ እንዲህ ያለ ዝግጅት ግን ቀጣዩ ክፉ ቀን እንደ ወትሮው ባዶ እጃችንን ያገኘናል። በፍርድ ቀን ስለ ተራበው፣ ስለ ታረዘውና ስለ እንግዳው የምንጠየቅ ነንና (ማቴ. 25፥31-46) ከወዲሁ እንዘጋጅ።

የቅዱስ እስጢፋኖስና የቅዱስ ባስልዮስ ጸሎትና በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።