ማሽኑ ትንፋሹን መለሰ፤ ድካሙንስ ማን ይቁጠረው?

ማንኮራፋት በእኛ ዘንድ የሳቅ ርዕስ ነው። «ሌሊቱን ሙሉ መጋዝ ሲስብ አደረ» ብለን እንስቃለን፤ ያንኮራፋውም አብሮን ይስቃል። ዛሬ የምናወጋችሁ ግን ከሳቁ በኋላ ስላለው ነገር ነው። ሰውየው ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፤ «ስሊፕ አፕኒያ አለብህ፣ ስትተኛ ጉሮሮህ እየተዘጋ ትንፋሽህ ይቋረጣል» ይባላል። ሲፓፕ የሚሉትን አየር የሚነፋ ማሽን ይገዛል። ጭምብሉን ፊቱ ላይ አስሮ ያድራል። ጠዋት ሲነሳ ግን ድካሙ እንዳለ ነው! ይህን ሲናገር ደግሞ «ማሽኑ ሠርቷል፣ ስንፍናው የራስህ ነው» የሚል ፊት ይጠብቀዋል። ፊቱ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)።

ነገሩ ሲጀመር ጉዳዩ ድካም እንጂ ትንፋሽ አልነበረም። ቻርልስ ዲከንስ ከ1836 እስከ 1837 ባሳተመው «የፒክዊክ ወረቀቶች» ልቦለድ ውስጥ ጆ የሚባል ወፍራም ልጅ አለ፤ ቆሞም ተቀምጦም ያንቀላፋል። በ1956 በርዌል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ የአንድ ነጋዴ ታሪክ ሲጽፉ በሽታውን በዚሁ መጽሐፍ ስም ጠሩት። ነጋዴው ሆስፒታል የገባው ለምን ይመስላችኋል? ፖከር ሲጫወት ሦስት አስና ሁለት ንጉሥ ደርሶት ሳለ እንቅልፍ ስለጣለው! ያን የመሰለ ካርታ ይዞ የሚተኛ ሰው በእርግጥም ታሟል።

በ1965 ፈረንሳይና ጀርመን ውስጥ የነበሩ ተመራማሪዎች የተኙ ሕሙማንን ትንፋሽ መዝግበው እየቆመ እንደሚቀጥል አዩ። መፍትሔው ጨካኝ ነበር፤ አንገት ላይ ቀዳዳ መክፈት። በ1976 በስታንፎርድ የነበረው ክርስቲያን ጊሚኖ በሽታውን ዛሬ በምናውቀው ስም አስጠራው። ከዚያ ወዲህ ዋናው መለኪያ ትንፋሽ በሰዓት ስንት ጊዜ ተቋረጠ የሚለው ቆጠራ ሆነ። ድካሙ ቀስ በቀስ ከወረቀቱ ጠርዝ ላይ ቀረ ብንል አልተሳሳትንም።

በ1980 ኮሊን ሱሊቫን የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም ሲድኒ ውስጥ የቫኪዩም ክሊነር ሞተር ወስዶ፣ አየሩን በቱቦ ወደ አፍንጫ ነፋበት። የመጀመሪያው ታካሚ አንገቱ እንዲቀደድ የተመከረ ሰው ነበር። ሠራ! በ1981 የአምስት ሕሙማን ውጤት «ላንሴት» ላይ ወጣ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጭምብሉ በየሌሊቱ ፊት ላይ በሙጫ ይለጠፍ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ሰዎች ተቀበሉት። ብዙ ሕይወት የለወጠ ፈጠራ ነውና አናናንቀውም።

ግን የማሽኑ ሥራ ጉሮሮን ክፍት አድርጎ ማቆየት ነው። ጉሮሮው ሲከፈት ቆጠራው ይወርዳል፤ ሐኪሙም «ድነሃል» ይላል። ድካሙን በቀላሉ የሚጠይቀውን የኤፕወርዝን መጠይቅ ሜልቦርን ውስጥ መሪ ጆንስ በ1991 አዘጋጀ። ስምንት ጥያቄ፣ ከ24 የሚታሰብ ነጥብ፤ «ሲያነቡ ያንቀላፋሉ? መኪና መብራት ላይ ሲቆምስ?» ዓይነት።

በ1993 ደግሞ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ለሕሙማኑ ሳይነግሩ ማሽኑ ውስጥ መቁጠሪያ አስገቡ። ቢያንስ በ70 በመቶው ቀናት ቢያንስ 4 ሰዓት የተጠቀሙት 46 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። «ተጠቅሜያለሁ» ያሉት ግን ከዚያ በላይ ነበር። እንግዲህ ጥርጣሬው መሠረት አለው። ነገር ግን 4 ሰዓት የኢንሹራንስ መለኪያ ሆኖ ሲጸና ሌላ ጉድ መጣ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጭምብሉን የሚያወልቅ ሰው መለኪያውን ያልፋል፤ ሕልም የሚበዛበትን የንጋት እንቅልፍ ግን ያለማሽን ይተኛዋል፤ የብዙ ሰው ትንፋሽ ደግሞ የሚብሰው ያኔ ነው። በ2007 የወጣ ጥናት እንዳሳየው የቀን ሥራን እንደ ጤነኛ ሰው ለመሥራት ወደ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ያስፈልጋል። እንዲያም ሆኖ 7 ሰዓት ተጠቅመው የማይነቁም ነበሩ።

እነዚህኞቹስ? በ2000ዎቹ የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አይጦችን ለሳምንታት ኦክስጅን እየቀነሱና እየመለሱ ሲያስተኟቸው፣ የሚያነቁት የአንጎል ሴሎች ተጎድተው ተገኙ። አይጥ ሰው አይደለም፤ ግን «ለዓመታት ሲታነቅ የኖረ አንጎል በአንድ ማሽን ወዲያው ይታደሳል» ማለቱን ከባድ ያደርገዋል። በ2004 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ሞዳፊኒልን ማሽን እየተጠቀሙ ለሚያንቀላፉ ሰዎች ፈቀደ። ድካሙ በወረቀት ዕውቅና ያገኘው ያኔ ነው፤ ከፈጠራው 24 ዓመት በኋላ! አውሮፓ በ2010 ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል ብላ ለዚህ ሕመም መሰጠቱ እንዲቀር ወሰነች። አሜሪካ በ2019 ሶልሪያምፌቶል የሚባል ሌላ ጨመረች።

ከመድኃኒቱ በፊት ግን ቀላሎቹ ይቅደሙ። ጭምብሉ አየር ያፈስሳል? የአየሩ ግፊት በትክክል ተስተካክሏል? የደም ማነስ፣ እንቅርት፣ ድባቴ፣ የሚያስተኛ መድኃኒት አለ? ወይስ እንቅልፉ ራሱ አምስት ሰዓት ብቻ ነው? ማሽኑ የመዘገበውን ይዛችሁ ሂዱና ሐኪሙን ከቆጠራው ባሻገር ስለ ቀኑ ውሎ አስጠይቁት። እስከዚያ ድረስ መሪው ላይ ዓይኑ የሚከደን ሰው ቁልፉን ለሌላ ይስጥ።