ጥበብን መሻት በምእመናን የዕለት ኑሮ

ጥበብን መሻት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ኑሮውን በመጽሐፍ ቅዱስ ምክር ለመምራት የሚያደርገው ጥረት ነው። ጥበብ እዚህ ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ መነሻው ፈሪሃ እግዚአብሔር፣ መታያው ምግባር ነው። ምእመኑ ጥበብን ለብቻው አንብቦ ከሚያገኘው ይልቅ ሰምቶ፣ በቃሉ አጥንቶና አባት ጠይቆ የሚያገኘው ይበዛል።

መጻሕፍቱ

ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት መካከል ኢዮብ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ ምሳሌ፣ ተግሣጽ፣ መክብብ፣ መኃልየ መኃልይ፣ መጽሐፈ ጥበብ እና ሲራክ የጥበብ መጻሕፍት ይባላሉ። ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት እንደ አንድ መጽሐፍ የሚቈጥሩት ምሳሌ በኢትዮጵያ ለሁለት ይከፈላል፤ እስከ ምዕራፍ 24 ያለው ምሳሌ፣ ከ25 እስከ 31 ያለው ተግሣጽ ነው።

ትምህርቱ

የአብነት ተማሪ ፊደል ቈጥሮ ንባብ ካጠና በኋላ ዳዊት ይደግማል። ዳዊት የደገመ ልጅ ማንበብ ቻለ ይባላል፤ ወላጆቹም ይደግሳሉ። መዝሙሩ ለሳምንቱ ቀናት ስለተከፈለ፣ ዳዊት ደጋሚው ሰኞ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቅዳሜ 150ኛው ላይ ይደርሳል። በቆዳ ማኅደር ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለው ዳዊት የቅጠሎቹ ጠርዝ በጣት ወዝ ጠቁሮ ይታያል።

ምሥጢሩ የሚፈታው በትርጓሜ ቤት ነው። ተማሪው የግዕዙን ንባብ ሲያሰማ መምህሩ በአማርኛ ይተረጉማል፤ «አንድም» እያለ በአንዱ ፍቺ ላይ ሌላ ይጨምራል። አንድምታ የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1840 በአማርኛ መታተሙ ንባቡ ከጉባኤ ቤት ውጭም እንዲደርስ መንገድ ከፍቷል።

በኑሮ ውስጥ

ምእመኑ ትዳር ሲይዝ፣ ሲታመም ወይም ከጎረቤቱ ሲቀያየም የንስሐ አባቱን ያማክራል። ሲራክ በምዕራፍ 38 በሽተኛ እንዲጸልይ፣ ሐኪሙንም እንዳያርቅ ይመክራል፤ በዚህ ምክር መሠረት ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን መተው የለበትም። በጽዋ ማኅበር ደግሞ የተቀያየሙ አባላት ታርቀው እንዲጠጡ ይጠበቃል።

በአዲስ ቅዳም

ይህ ኑሮ በአንድ ከተማ እንዴት እንደሚታይ አዲስ ቅዳም ታሳያለች። ከተማዋ በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። የአካባቢው ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቈርጦ ከሰል ያከስላል። ምእመኑ በግዕዝ ያስቀድሳል፤ ብዙው በቤቱ አዊኛ ይናገራል፤ ስብከትና ትርጓሜ በአማርኛ ይሰማል። እናት የሰማችውን ምክር ለልጇ በአዊኛ ስትነግር እርሷም ተርጓሚ ናት።

የከተማዋ ስም የተገኘበት ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያን ቀዳሚት ሰንበት ተብሎ ይከበራል፤ ክብሩም በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ጸንቷል። ጥበብ ግን ከሰንበት አልፎ ወደ ገበያም ይደርሳል፤ መጽሐፈ ምሳሌ አባይ ሚዛንን አጥብቆ ያወግዛል። ይህ ምክር ለከሰል ነጋዴ ሲደርስ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ የጆንያውን አፍ በደህና ከሰል ሸፍኖ ሥሩን በብናኝ አለመሙላት፣ ለእህል ሻጭም ቁናውን ሳያጐድሉ መስፈር ነው። ጠዋት ዳዊት የደገመ ሰው ቃሉን ይዞ የሚወጣው ወደዚሁ ገበያ ነው፤ ጥበቡም በሰፈረው ቁና ይታወቃል።