ደም ደራሽነት፦ ልጅዎ የጠጣው መድኃኒት ምን ያህሉ ደሙ ውስጥ ይገባል?

የፋርማሲ ባለሙያዎች «ባዮአቬይላቢሊቲ» የሚሉትን ቃል እዚህ «ደም ደራሽነት» ብለነዋል፤ «ሀገር በቀል»፣ «ሰው ሠራሽ» እንደምንለው ነው።

ትርጉሙ፦ ከተወሰደው መድኃኒት ውስጥ ሳይለወጥ ወደ ደም ዝውውር የሚገባው ድርሻ እና የሚገባበት ፍጥነት።

በደም ሥር የተሰጠ መድኃኒት ደም ደራሽነቱ 100 በመቶ ነው። በአፍ የተወሰደው ግን ጨጓራን፣ አንጀትንና ጉበትን አልፎ ስለሚሄድ ከዚያ ሊያንስ ይችላል። በዚህ ጉዞ ላይ አብሮት የተጠጣው ነገር ወይ ያግዘዋል ወይ ያግደዋል።

ሻይን እንውሰድ። በሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረት ማዕድን ጋር ተጣብቆ አንጀት በቀላሉ የማይመጠው ውሁድ ይሠራል። ለደም ማነስ የታዘዘለትን የብረት ሽሮፕ በሻይ የሚያወራርድ ልጅ አንድም ቀን ሳያጓድል ቢወስድ እንኳ የሚገባውን ያህል አይጠቀምም። ወተትም የብረትን መመጠጥ ይቀንሳል። የብርቱካን ጭማቂ ግን ቫይታሚን ሲ ስላለው ያግዛል።

ይህ ማለት ወተት የመድኃኒት ሁሉ ጠላት ነው ማለት አይደለም። የወተት ካልሲየም እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያሉ ፀረ ባክቴሪያዎችን ይዞ ያስቀራል። ለወባ የሚሰጠው ኮአርተም ግን ቅባት ይፈልጋል፤ በውስጡ ያለው ሉሜፋንትሪን ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወሰድ ደም ደራሽነቱ በባዶ ሆድ ከሚወሰደው 16 እጥፍ ገደማ እንደሚሆን በጤነኛ አዋቂዎች ላይ ተለክቷል። በወባ ታሞ ምግብ እምቢ ላለ ልጅ ወተት ወይም የእናት ጡት ትልቅ እገዛ ነው። ለራስ ቆረቆር የሚታዘዘው ግሪሶፉልቪንም ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይሻለዋል።

በልጆች ላይ ጥንቃቄው የሚበዛው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የጨቅላ ሕፃን ጨጓራ አሲዱ አነስተኛ ነው፤ የያዘውንም ወደ አንጀት የሚያወርደው ቀስ ብሎ ነው። ሁለተኛ፣ ምሬቱን ለማጥፋት ስንል መድኃኒቱን ከመጠጥ ጋር እንቀላቅላለን። በጡጦ ሙሉ ወተት የተቀላቀለ መድኃኒት ልጁ ግማሹን ከተወው፣ ግማሹ መድኃኒት እዚያው ቀረ ማለት ነው። ለተቅማጥ የሚሰጠው የዚንክ ክኒን በጥቂት የታለበ የእናት ጡት ወተት፣ በንጹሕ ውሃ ወይም በኦአርኤስ ተሟሙቶ በማንኪያ የሚሰጠው ሁሉንም እንዲጨርሰው ነው።

ስለዚህ ወላጆች፣ «በቀን ስንቴ?» ብላችሁ ስትጠይቁ «በምን ላጠጣው?» የሚለውንም ጨምሩ። መልሱን ሳታገኙ መድኃኒትን ከሻይ፣ ከወተት ወይም ከጭማቂ ጋር አትስጡ፤ ንጹሕ ውሃ ይበቃል። ልጁ ስድስት ወር ካልሞላው ግን ውሃውንም ቢሆን ባለሙያ ሳትጠይቁ አትስጡት።