የቅኔ ቤት ተማሪና የሬጅስትራር ተማሪ

«ተማሪ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በአገራችን ከትምህርት ይልቅ የመንግሥት ጥያቄ ሆኖ ኖሯል። ዛሬ የድኅረ ምረቃ ተማሪ መደበኛ፣ የማታ ወይም የክረምት ተብሎ ይመዘገባል፤ በመንፈቅ ስንት ክሬዲት እንደሚወስድና በስንት ዓመት መጨረስ እንዳለበት ደንብ ይወስንለታል። ይህ ደንብ ከሰማይ የወረደ ይመስል ታሪኩን የሚጠይቅ ብዙ የለም። እኔ ግን ነገሩን ከደብረ ኤልያስ መጀመር እመርጣለሁ። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።)

በምሥራቅ ጎጃም የምትገኘው ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርቷ የታወቀች ናት። ሐዲስ ዓለማየሁ ከደብረ ወርቅና ከዲማ ጊዮርጊስ ጋር እሷንም በተማሪነት ያውቋታል። የኔታ ደጅ የደረሰ ቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ጎጆውን ቀልሶ መማር ከጀመረ ተማሪ ነው። ቅጽ አይሞላም። የትምህርቱ ሸክም ግን ቀላል አይደለም፦ ግስና አገባብ አለ፤ ቀን ለብቻው ተቀምጦ የሚቆጥረው ቅኔ አለ፤ የቆጠረውን በመምህሩ ፊት ማሰማት አለ። ሁለት ቤት ባለው ጉባኤ ቃና ይጀምርና ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። መቼ እንደሚወጣ የሚወስነው የመምህሩ ጆሮ ነው። አንዱ በሁለት ዓመት፣ ሌላው በስድስት ቢዘልቅ የሚገረም የለም። ወረርሽኝ ወይም ጦርነት ያባረረው ተማሪም ሰላም ሲሆን ተመልሶ ካቆመበት ይቀጥላል።

ይህን ስል የቅኔ ቤቱን ገነት ላደርገው አይደለም። ተማሪው በመምህሩ ፈቃድ ሥር ነው፤ አቤት የሚልበት የለውም። ለሴቶችም በሩ ጠባብ ነበር፤ የጸላሎዋ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ስማቸው እስከ ዛሬ በአድናቆት የሚነሳው እንደ እሳቸው ያሉ እጅግ ጥቂት ስለሆኑ ጭምር ነው።

ክሬዲት የተባለው መለኪያ ደግሞ መነሻው ጡረታ ነው ቢባል የሚያምን አለ? በ1905 አሜሪካዊው ባለጠጋ አንድሩ ካርኔጊ ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ 10 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ገንዘቡን እንዲያስተዳድር የተቋቋመው ድርጅት «ኮሌጅ የሚባለው የትኛው ነው?» የሚለውን ለመለየት፣ ተማሪ ሲገባ ማሟላት ያለበትን ትምህርት በክፍል ሰዓት መለካት ጀመረ። ጡረታውን የፈለገ ሁሉ መለኪያውን ተቀበለ። የሰዓት ቆጠራው ከዚያ ወደ ኮሌጆቹ ውስጥም ዘለቀ።

እኛ ዘንድ የአሜሪካ እጅ የበረታው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1961 ሲመሠረት ነው። ከዚያ በፊት የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁን የመሩት የካናዳ ኢየሱሳውያን ነበሩ። ለአዲሱ ተቋም ጥናቱን ያካሄደው ግን ከዩታ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ቡድን ነበር፤ የቡድኑ መሪ ሃሮልድ ቤንትሌይም መጀመሪያ ላይ በተጠባባቂ ፕሬዚዳንትነት አገልግለዋል። ብዙም ሳይቆይ መንግሥት በተማሪነት ትርጉም ውስጥ የራሱን ጨመረ፦ ከ1964 ጀምሮ ተማሪው ዲግሪ ለማግኘት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ሄዶ ማገልገል ነበረበት። ደርግ ደግሞ በ1974 መጨረሻ ዩኒቨርሲቲውን ዘግቶ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ አሰማራ። ተማሪው በአዋጅ ዘማች ሆነ። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ በ1978 ሲከፈት፣ ዘመኑ የቀይ ሽብር ዘመን፣ ከትውልዱም ብዙው የሞተ፣ የታሰረና የተሰደደ ነበር። መንግሥት የተማሪውን ዓመታት እንዳሻው ሲወስድ፣ ሲያቆምና ሲቀጥል የኖረው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ደብረ ኤልያስ እንመለስ። ከወረዳዋ የሚወጣ አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር እናስብ። ለሁለተኛ ዲግሪ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቅርቡ ነው፤ በ2007 ሥራ የጀመረ ተቋም። ሙሉ ጊዜ እንዳይማር ደመወዝ አለ፣ ቤተሰብ አለ። ስለዚህ በክረምት ይመዘገባል፤ ትምህርቱ በጥቂት ሳምንታት ይጨመቅበታል። በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፣ መንገድ ተዘጋ፣ የክልሉ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪ መጥራት አዘገዩ። ደብረ ኤልያስ ራሷ ከጥቂት ወራት በፊት፣ በግንቦት፣ በሥላሴ ገዳም አካባቢ የተኩስ ድምፅ ሰምታ ነበር።

ታዲያ እነዚህ ወራት በማን ዕድሜ ይቆጠሩ? የዩኒቨርሲቲ ደንቦች በአብዛኛው በቂ ምክንያት ያለው ተማሪ አቋርጦ እንዲመለስ የሚፈቅድ አንቀጽ አላቸው። ነገር ግን አመልካቹ ተማሪው ነው፤ ማስረጃ አምጪውም ተማሪው ነው። ራሱ መንግሥት ያወጀውን አዋጅና ራሱ የዘጋውን ኢንተርኔት ተማሪው በማመልከቻ እንዲያስረዳ መጠየቅ ምን የሚሉት አሠራር ነው? የየዩኒቨርሲቲው ሴኔት አንድ ቀን ተሰብስቦ፣ በእነዚያ ወራት ተመዝግቦ የነበረ ተማሪ ሁሉ ያለ ማመልከቻ ዓመቱ እንዲታለፍለት መወሰን ይችላል። ገንዘብ አይጠይቅም፤ አዲስ አዋጅም አያስፈልገውም።