ፈቃድ የሚሰጥ እጅ፣ አቤቱታ የሚሰማ ጆሮ

ጤፍ የሚገዛ ሰው እህሉን አይቶ፣ ዘግኖና አስመዝኖ ገንዘቡን ይከፍላል። መድን የሚገባ ሰው ግን አረቦኑን አስቀድሞ ከፍሎ የሚረከበው የተስፋ ቃል ብቻ ነው። የቃሉ እውነትነት የሚፈተነው መኪናው የተጋጨ፣ መጋዘኑ የተቃጠለ ወይም የቤተሰቡ አስተዳዳሪ የሞተ ዕለት ነው። መንግሥታት በመድን ሥራ ላይ ከሌላው ንግድ የጠበቀ ቁጥጥር ያቋቋሙትም በዚህ ምክንያት ነው። ቁጥጥሩ ሁለት ዐበይት ተግባራት አሉት፤ አንደኛው ወደ ሥራው ለሚገባው ፈቃድ መስጠት፣ ሁለተኛው «ቃሉ አልተፈጸመልኝም» የሚለውን ሰው መስማት ነው። የኢትዮጵያና የጎረቤቷ የኬንያ የመድን ታሪክ ሲመረመር ፈቃድ ሰጪው እጅ ቀድሞ የተዘረጋ፣ አቤቱታ ሰሚው ጆሮ ግን ዘግይቶ የተከፈተ ሆኖ ይገኛል።

ዘመናዊ መድን ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከባንክ ጋር ነው። በ1905 የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ (እዚህ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የውጭ ኩባንያዎች ወኪል በመሆን የእሳትና የባሕር መድን ይሸጥ ነበር። ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ የተባለው የአገር ውስጥ ድርጅት የተመሠረተው በ1951 ነው። በ1954 በተደረገ ጥናት በአገሪቱ ዘጠኝ ድርጅቶች ሲገኙ፣ ከኢምፔሪያል በቀር ሁሉም የውጭ ኩባንያዎች ቅርንጫፎች ወይም ወኪሎች ነበሩ። በ1960 ቁጥሩ ወደ 33 አደገ። በእነዚያ ዓመታት በካሣ ጉዳይ ቅር የተሰኘ ደንበኛ ፊት ለፊት የሚያገኘው ወኪሉን እንጂ፣ ከባሕር ማዶ ያለውን ዋናውን ባለጉዳይ አልነበረም።

በ1960 የወጣው የንግድ ሕግ የመድንን ውል በሦስተኛው መጽሐፉ በዝርዝር ደነገገ። የድርጅቶቹን አቋም የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት የተፈጠረው ግን ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1970 በወጣው አዋጅ ቁጥር 281 ነው። አዋጁ የመድን ምክር ቤትና የመድን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አቋቋመ። ለጠቅላላ መድን 400 ሺህ፣ ለሕይወት መድን 600 ሺህ፣ ሁለቱን አጣምሮ ለሚሠራ አንድ ሚሊዮን ብር ካፒታል ጠየቀ። በጠቅላላ መድን ከአክሲዮኑ ቢያንስ 51 በመቶው በኢትዮጵያውያን እጅ እንዲሆንም አስገደደ። ተቆጣጣሪው ለ15 የአገር ውስጥ ድርጅቶች፣ ለ36 ወኪሎች፣ ለ7 ደላሎች፣ ለ3 የመድን ሒሳብ ሊቃውንትና ለ11 የጉዳት ገማቾች ፈቃድ ሰጠ። ከዚህ ዘመን የቀሩት አኃዞች ማን እንደገባ የሚናገሩ ናቸው።

ከእድር ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በእድር መዋጮ የሚከፍለውና ዳኛውን የሚመርጠው ያው አባል ነው። ድንኳኑ ካልተተከለለት፣ ገንዘቡ ካልተሰጠው፣ በወሩ ስብሰባ ተነሥቶ «አቤት!» ይላል፤ ጎረቤቶቹም እዚያው ይሰሙታል። አባልነትና አቤቱታ አንድ ሸንጎ ላይ ይገናኛሉ። በዘመናዊው መድን ግን ደንበኛው ድርጅቱን አይመራም፣ ሒሳቡን አያይም፣ ሌሎቹን ደንበኞችም አያውቃቸውም። ስለዚህ የሸንጎውን ቦታ የሚተካለት ተቆጣጣሪ ያስፈልገዋል።

የ1970ው ሥርዓት ዕድሜው አጭር ነበር። በጥር ወር 1975 ወታደራዊው መንግሥት 13 የመድን ድርጅቶችን ወረሰ። በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 68 የኢትዮጵያ መድን ድርጅት በ11 ሚሊዮን ብር ካፒታል ተቋቁሞ በ1976 ሥራ ጀመረ። ከዚያ እስከ 1994 ባሉት ዓመታት የግል መድን ሰጪ ስላልነበረ የፈቃድ ጥያቄ ትርጉም አጣ። ደንበኛውም ቅር ሲለው ወደ ሌላ ድርጅት የመዞር ምርጫ አልነበረውም፤ ውል ተቀባዩም ሆነ ተቆጣጣሪው የአንድ መንግሥት ክንዶች ነበሩ።

በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 86 በሩን ለግል ባለሀብቶች ከፍቶ የቁጥጥሩን ሥራ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሰጠ። መመዘኛው እንደገና ካፒታል ነበር፦ ለጠቅላላ መድን 3 ሚሊዮን፣ ለሕይወት መድን 4 ሚሊዮን፣ ለሁለቱም 7 ሚሊዮን ብር። በ2012 አዋጅ ቁጥር 746 ይህን ሕግ ተካው። በ2013 ደግሞ ለሁለቱም ዘርፎች የሚጠየቀው ካፒታል 75 ሚሊዮን ብር ደረሰ። ድርጅቱ ዕዳውን የመክፈል አቅም እንዲኖረው ይህ ግድ ነው። ነገር ግን አቅም ያለው ሁሉ በጊዜው ይከፍላል ማለት አይደለም።

በመካከሉ አንድ አዲስ ነገር ተከሠተ። በ2008 የወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ማንኛውም ባለተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ አስገደደ፤ በ2013ም በአዋጅ ቁጥር 799 ተተካ። ገጭቶ ባመለጠ ወይም መድን በሌለው ተሽከርካሪ ለተጎዳ ሰው የሚደርስ የመድን ፈንድም ተቋቋመ። እስከዚያ ድረስ መድን በፈቃደኝነት የሚገዛ ዕቃ ይመስል ነበር። አሁን ግን መንግሥት «ግዛ!» ብሎ ያዘዘው ሆነ፤ ካሣ የሚጠብቀውም ውሉን ያልፈረመው እግረኛ ነው። ዜጋውን እንዲገዛ ያስገደደ መንግሥት፣ የተገዛው ነገር ሳይሠራ ሲቀር የመስማት ግዴታ አለበት።

ጆሮ የዘገየበትን ዋጋ ኬንያ በግልጽ ከፍላዋለች። እዚያ የመድን ሕግ በ1984 ወጥቶ በ1987 ሥራ ላይ ዋለ፤ ቁጥጥሩም በገንዘብ ሚኒስቴር ሥር ለነበረ ኮሚሽነር ተሰጠ። የመንግሥቱ የኬንያ ናሽናል አሹራንስ በ1996 ወደቀ፤ የመንግሥት ንብረት መሆን ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ታየ። በ2005 የብዙ ማታቱዎች መድን ሰጪ የነበረው ዩናይትድ ኢንሹራንስ በሕግ በተሾመ አስተዳዳሪ እጅ ገባ። የክፍያ እገዳ ሲታወጅ ፍርድ ያገኙ ተጎጂዎች ገንዘባቸውን ሳይቀበሉ ቀሩ። አረቦናቸውን በወቅቱ የከፈሉ ባለማታቱዎችም ዕዳው ወደ እነርሱ እንዳይዞር በየፍርድ ቤቱ መሟገት ግድ ሆነባቸው። ሁሉም ፈቃድ ካለው ድርጅት የገዙ ነበሩ።

ኬንያ በ2004 የመድን ገቢዎች ካሣ ፈንድን በደንብ አቋቋመች፤ በ2006 በተሻሻለው ሕግም በ2007 ራሱን የቻለ የመድን ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ሥራ ጀመረ። ያም ሆኖ በ2011 ብሉ ሺልድ የተባለው ድርጅት በተመሳሳይ ሁኔታ በአስተዳዳሪ ሥር ወደቀ። የመሥሪያ ቤት ስምና ደረጃ መለወጥ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ይህ ያስረዳል።

የጎደለው ምንድን ነው? በችግር ላይ ያለ መድን ሰጪ ገንዘብ ሲያጥረው በአብዛኛው አስቀድሞ የሚያደርገው ካሣ ማዘግየት ነው። ዛሬ «ሰነድ ጎድሏል»፣ ነገ «ገማቹ አልጨረሰም» ይባላል። የዓመቱ ሒሳብ ተመርምሮ ጉድለቱ ከመታየቱ በፊት ይህን የሚያውቀው በደጅ ጥናት የሰለቸው ባለጉዳይ ነው። ስለዚህ አቤቱታ ለአንድ ሰው የሚደረግ ቸርነት ሳይሆን ለተቆጣጣሪው የሚታይ የመጀመሪያ ጭስ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው። ከአንድ ድርጅት ላይ የሚመጣውን ቅሬታ ቆጥሮ፣ ዓይነቱን ለይቶ ፈቃድ በሚታደስበት ጊዜ የሚመረምር መሥሪያ ቤት እጁና ጆሮው አብረው ይሠራሉ።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2020 የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አውጥቶ፣ መድን ሰጪዎችን ጨምሮ የፋይናንስ ተቋማት ቅሬታ የሚያስተናግዱበት ሥርዓት እንዲኖራቸው አዘዘ። የ1970ው አዋጅ ከወጣ 50 ዓመት መሆኑ ነው። እርምጃው ታላቅ ነው፤ ነገር ግን ተቆጣጣሪ ዳኛ አይደለም፣ የውል ክርክር የመጨረሻ እልባት የሚያገኘው በፍርድ ቤት ነው። የንግድ ሕጉ በ2021 ሲሻሻል ሳይነካ የቀረው የ1960ው ሦስተኛ መጽሐፍ በመድን ውል ላይ ለሚነሣ ጥያቄ የወሰነው የይርጋ ዘመን ሁለት ዓመት ብቻ ነው። «ነገ ተመለስ» እየተባለ ለሚመላለስ ባለጉዳይ ሁለት ዓመት ሩቅ አይደለም። አቤቱታውን በጽሑፍ ያላቀረበ፣ ቀኑንም ያልቆጠረ ሰው ጆሮው በተከፈተበት ዘመን እንኳ መብቱ ሊያመልጠው ይችላል።