መብራቱን ላጥፋልህ?

ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ ከቃሊቲ መናኸሪያ ትንሽ አለፍ እንዳልኩ መኪናዬ ዳሽቦርድ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት በራች። የፈረስ ጫማ ትመስላለች፤ መሐሏ ላይ ቃለ አጋኖ ቆሟል። መኪናዋ አሜሪካ ስትነዳ ኖራ፣ በዱባይ ዞራ ወደ እኛ የመጣች ያሪስ ናት። መመሪያ መጽሐፏን ይዛ ስላልመጣች የምልክቶቿን ትርጉም የማውቀው በስማ በለው ነው። ሞተሩ ደህና ይሠራል፣ ፍሬኑ ይይዛል። "ራሷ ትጠፋለች" ብዬ፣ ሰው ከነዝናዛ ጎረቤት ጋር እንደሚኖረው ሁለት ሳምንት ሙሉ አብሬያት ኖርኩ።

በሦስተኛው ሳምንት እዚያው ቃሊቲ አንድ ጋራዥ ጎራ አልኩ። መካኒኩ አንገቱን አስገብቶ አየና፣ "ይቺ ምንም አይደለች፣ ሴንሰር ነው። መብራቱን ላጥፋልህ?" አለኝ። ዋጋውም ርካሽ ነበር። እሺ ልል አፌን ስከፍት፣ አጠገቡ ኮምፕሬሰር ዘርግተው የተቀመጡ አንድ ሸምገል ያሉ ጎሚስታ፣ "ልጄ፣ መብራቱን ከምታስጠፋ ጎማውን ብታስለካው አይሻልም?" አሉ።

ተለካ። በሾፌሩ በር ቋሚ ላይ የተለጠፈው ወረቀት 32 ይላል፤ የኋላው የቀኝ ጎማ 19 ሆኖ ተገኘ። ሚስማር ወግቶት ቀስ እያለ ሲተነፍስ ነው የከረመው። በዚያ ጎማ ነው እንግዲህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጆቼን ትምህርት ቤት ያመላለስኩት! እንድድን የተለፋባትን መብራት በርካሽ ላስጠፋት ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ይቺ መብራት ከየት እንደመጣች ሳጠና ሰነበትኩ። ታሪኳ ከገመትኩት በላይ ረጅም ነው፤ በመሐሉም እኛ አለንበት።

ከቃሉ እንጀምር። ጎሚስታ ጣሊያንኛ ነው። ጎማም እንዲሁ። ከጎማው ውስጥ ያለው ካላማዳሪ "የአየር ክፍል" እንደ ማለት ነው። ቸርኬው፣ ፍሬኑ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ፍሬቻው፣ ማርሚታው፣ ክሪኩ፣ ካቻቪቴው፣ በየዓመቱ የምንለጥፈው ቦሎ ሳይቀር የጣሊያን ቅሪት ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችን ላይ የቆየው ወራሪ መንገዱንና የጋራዡን ቋንቋ ትቶልን ሄዷል። ከዚህ ሁሉ የባዕድ ቃል መካከል አንዱ ብቻ ጥርት ያለ አማርኛ ነው፤ መለኪያ። ክፋቱ ግን መለኪያ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የአረቄው ነው።

መኪና ራሱ የገባው ከጣሊያን ቀደም ብሎ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለች መኪናውን ከጅቡቲ አስነስቶ፣ መንገድ በሌለበት በረሃና ዳገት አዲስ አበባ አድርሶ ለአፄ ምኒልክ አቀረባት። በዚያው ሰሞን አርኖልድ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊም የራሱን መኪና ይዞ መጣ። በነፋስ የሚሞላ ጎማ ያኔ ገና የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበር። በእርግጥ ሮበርት ቶምሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1845 ሐሳቡን አስመዝግቦ ነበር፤ ሰሚ አጥቶ ተረሳ እንጂ። ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1888 እንደገና ያስነሳው ጆን ቦይድ ደንሎፕ ነው፤ ቤልፋስት ከተማ የሚኖር የእንስሳት ሐኪም። ልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት ሲነዳ ድንጋዩ እንዳያንገጫግጨው ብሎ ነው በላስቲክ ቱቦ ውስጥ ነፋስ የሞላው። የዛሬው ጎማ ሁሉ የተወለደው እንግዲህ አንድ አባት ለልጁ አዝኖ ነው።

አቃቂ ከጎማው በፊት የምታውቀው የባቡሩን ብረት ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ያለፈው በአቃቂ ጣቢያ ነበር። ባቡር ነፋስ አይለካም፤ ብረት በብረት ላይ ይሄዳል። መንገዱ ከተሠራ በኋላ፣ በተለይም በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ከተቋቋመ ወዲህ ግን ጭነቱ ቀስ በቀስ ከብረት ወደ ጎማ ዞረ። አሰብ ወራጁ የጭነት መኪና፣ ዕድሜ ጠገቡ ፊያት "ኤንትሬ" ከነተሳቢው፣ ከአዲስ አበባ ሲወጣም ሲገባም ቃሊቲንና አቃቂን ሳይረግጥ አያልፍም ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የወደብ ጉዟችን ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ቃሊቲ ግን በር መሆኗን አልተወችም። ጉምሩኩ፣ ዴፖው፣ የከባድ መኪና ማቆሚያው፣ ጎሚስታው በየደረጃው ተደርድሯል። ያረጀው ጎማ እንኳ ሥራ አይፈታም፤ በረባሶ ሆኖ ሰው እግር ላይ ይገባል።

በዚያ ዘመን ጎማ የሚለካው በምን ነበር? በእግርና በጆሮ። ሾፌሩ ጎማውን በጫማው ይረግጠዋል፤ ረዳቱ በብረት ወይም በዱላ እየመታ ያዳምጣል። ይህንን አልንቅም። ጥንድ ሆነው ከተገጠሙት የኋላ ጎማዎች አንዱ ጨርሶ ተንፍሶ እንደሆነ ድምፁ ይናገራል። ነገር ግን 110 መሆን የነበረበት ጎማ 80 ላይ ሲሆን ዱላ አይለየውም። እግርማ ከዱላም ይብሳል። ዓይንም ያታልላል፤ የዛሬው ራዲያል ጎማ በትክክል ተሞልቶም ቢሆን ከጎኑ ትንሽ ይለጠጣል፤ ተንፍሶም ያው ይመስላል።

አንድ ሌላ ወግ ደግሞ አለ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሾፌሮች ሲሉት የሰማሁት፦ "ቆላ ልትወርድ ስትል ነፋስ ቀንስ፤ ሙቀቱ ያፈነዳዋል።" አነጋገሩ ብልህ ይመስላል። ስሌቱ ግን ሌላ ይላል። የጎማ መለኪያ የሚያነበው የውስጡን ግፊት ከውጪው አየር ጋር አነጻጽሮ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች የአየሯ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ 35 ፒኤስአይ የሞሉት ጎማ ጅቡቲ ሲደርስ፣ ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ፣ 31 ወይም 32 ብቻ ባነበበ ነበር። የአየሩ ሙቀት ከ15 ዲግሪ ወደ 40 ሲወጣ ደግሞ 4 ያህል ይጨምራል። ሁለቱ ተካክሰው ጎማው እዚያው 35 አካባቢ ይቆያል! መኪናው ሲሮጥ ጎማው ሞቆ የሚጨምረውን ደግሞ ፋብሪካው አስቀድሞ አስቦበታል። እንግዲህ "ለጥንቃቄ" ነፋስ ያስወጣ ሰው ወደ በረሃው የገባው በጎደለ ጎማ ነው።

የጎደለ ጎማ ምን ይሆናል? መኪናውን የሚሸከመው ላስቲኩ ሳይሆን ነፋሱ ነው። ነፋሱ ሲያንስ ጎማው በየዙሩ ይተጣጠፋል። ሽቦን ደጋግመን ስናጥፍ እንደሚግል ጎማውም ይግላል። ፍጥነት ሲጨመርበት፣ ጭነት ሲጨመርበት፣ የአስፋልቱ ሙቀት ሲጨመርበት ንብርብሩ ይላቀቃል። ከዚያ በኋላ ሰው "ጎማ ፈነዳበት" ይላል። ፈነዳ ስንል ልክ እንደ መብረቅ ከላይ የወረደ አድርገን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሳምንታት የፈጀ ነገር ነው፤ ያለካነው እኛ ነን።

ይህንን አሜሪካኖች በውድ ዋጋ ተምረውታል። በነሐሴ 1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2000) ፋየርስቶን የተባለው ኩባንያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጎማዎቹን ከገበያ ሰበሰበ። አብዛኞቹ የተገጠሙት ፎርድ ኤክስፕሎረር በሚባለው መኪና ላይ ነበር። ጎማው እየተላጠ፣ መኪናው እየተገለበጠ አሜሪካ ውስጥ ብቻ 271 ሰዎች እንደሞቱ የመንግሥታቸው መሥሪያ ቤት መዝግቧል። ሁለቱ ኩባንያዎች ጥፋቱን እርስ በርስ ተወራወሩ። ከክርክሩ አንዱ ነጥብ የነፋሱ ልክ ነበር፤ ፎርድ 26 ይበቃል ብሎ ነበር፣ ፋየርስቶን ደግሞ 30 ይሁን አለ። በአራት ቁጥር ልዩነት የተነሳ ክርክር ነው። በዚያው ዓመት ኮንግረስ ሕግ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2007 በኋላ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ፣ ጎማው ከታዘዘለት በሩብ ሲቀንስ ሾፌሩን የሚያስጠነቅቅ መብራት እንዲኖረው ግድ ሆነ። አውሮፓም ተከተለ።

ያቺ የፈረስ ጫማ እንግዲህ ከመቃብር የበቀለች ናት። ያሪሷ አሜሪካ ኖራ ስለመጣች መብራቷን ይዛልን መጣች። ሌሎች በደም የገዙትን እኛ በነጻ አገኘነው፤ በነጻ ያገኘነውን ደግሞ ገንዘብ ከፍለን እናስጠፋለን።

"በሩብ ሲቀንስ" የሚለውን ልብ በሉልኝ። 32 መሆን ያለበት ጎማ 24 እስኪደርስ መብራቷ ዝም ትላለች። ጅብ አጥር ከገባ በኋላ እንደሚጮኽ ውሻ ናት። ከነአካቴው ውሻ ከማጣት ይሻላል፤ ግን አጥሩን የሚያጥረው ባለቤቱ ነው። አጥሩ ደግሞ ቀላል ነው፦ በወር አንዴ፣ ረጅም መንገድ ሲታሰብም ከመነሳት በፊት፣ ጎማው ሳይሞቅ መለካት። ልኩ ያለው በሾፌሩ በር ቋሚ ላይ ነው፤ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ጎማው የሚችለው ጣሪያ እንጂ ለመኪናው የታዘዘው አይደለም። በመንገድ ላይ ሞቆ ከፍ ያለውንም ማስተንፈስ አይገባም፤ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ይገኛል።

ሌሎቹ የዳሽቦርድ መብራቶችም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ድሮ መኪና በመርፌ ነበር የሚናገረው፤ የዘይት ግፊት መርፌ፣ የሙቀት መርፌ፣ የባትሪ መርፌ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሃድሰን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በመርፌ ፋንታ መብራት አመጣ። ነገር አዋቂ ነን የሚሉ ሾፌሮች "የጅል መብራት" እያሉ ተሳለቁባት፤ መርፌ ማንበብ ለማይችል የተሠራች ናት ሲሉ። ዛሬ ሳስበው ጅሉ መብራቷ በርታ እያየ የሚነዳው ነው። ቀዩ የዘይት ጀበና ሲበራ "ጋራዥ እስክደርስ" ማለት የለም፤ ወዲያው ጥግ ይዞ ሞተር ማጥፋት ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሞተሩ ይነክሳል። የሙቀቱ ቀይ ሲበራም እንዲሁ፤ የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ የከፈተ ደግሞ ፊቱን ይቀቀላል። ቀይ "ቁም" ነው፣ ቢጫ "ቶሎ አሳየኝ" ነው። ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ የትራፊክ መብራት የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ቃሊቲ የተመላለሰ የአዲስ አበባ ሰው ቁጥር ስፍር የለውም። የመንገዱን ምልክት በቃላችን ሸምድደን እንወጣለን፤ አፍንጫችን ሥር የሚበራውን ግን አናጠናውም። ቦሎ ሲደርስ ወይም መኪና ሊሸጥ ሲል የመብራቱን አምፖል የሚያስነቅል፣ በጥቁር ፕላስተር የሚሸፍን አለ። ነገሩ የመኪና ብቻ አይመስለኝም። ቤታችንም፣ መሥሪያ ቤታችንም እንዲሁ ነን፤ ክፉ ወሬ ሲመጣ ወሬውን ከማጣራት ነጋሪውን ዝም ማሰኘት ይቀለናል።

አሁን ደግሞ ዘመኑ ተለውጧል። እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ የአዳማው ፈጣን መንገድ ይጀምራል። መንገዱ በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር፣ በከተማ መሐል 40 እና 50 ስትሮጥ የኖረች መኪና በአንድ ጊዜ 100 እና ከዚያ በላይ ልትሮጥበት ተፈቀደላት። ጉድጓድና ግርግር ሲደብቅላት የኖረው የጎማ ጉድለት እዚያ ይጋለጣል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሎ የኤሌክትሪኩ ዘመን መጣ። የኤሌክትሪክ መኪና በባትሪው ምክንያት ከአቻው የነዳጅ መኪና ይከብዳል፤ ክብደቱን የሚችለው ያው ነፋሱ ነው። የዘይት መብራት ባይኖረውም የፈረስ ጫማዋ አለች። ብዙዎቹ ከቻይና ስለሚመጡ ማስጠንቀቂያው በቻይንኛ የሚጻፍባቸው አሉ። በአማርኛ ሲነገረን ያልሰማን ሰዎች በቻይንኛ እንዴት ልንሆን ነው?

ወደ ጎሚስታው ልመለስ። ሚስማሩን ነቅለው፣ ቀዳዳውን ደፍነው፣ 32 ሞሉልኝ። ጥቂት እንደነዳሁ መብራቷ ራሷ ጠፋች። ማንም ሳይነካት። ሒሳብ ስከፍል፣ "ጋሼ፣ ለመሆኑ ስንቱ ሰው ነው ለማስለካት የሚመጣው?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቅ አሉና፣ "ለማስለካትማ ማን ይመጣል? ለማስለጠፍ ነው የሚመጡት" አሉኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው፣ "ያልመጡትም አሉ" አሉ፤ በአገጫቸው ወደ ደብረ ዘይት መንገድ እያመለከቱ።

መኪናዬ ውስጥ አሁን የጎማ መለኪያ አለች። ገዝቼ የመጣሁ ዕለት ስኮርታውን ለካሁበት። 8 ነበር።